አጥሬ ላይ ስለቆመው የዘጠኝ ዓመት ዝናብ

ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.
ገፈርሳ፣ ቡራዩ

ለተከበሩ የዝናብና የአየር ጠባይ መዛግብት ማኅደር ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ ላይ ሳይዘንብ የቀረው ዘጠኝ ዓመት እንደ ዘነበ እንዲታወቅልኝ ስለ መጠየቅ

ክቡርነትዎ፣ አካም ቡልተን? እርስዎ ደህና ነዎት? ቤተሰብዎ፣ ሠራተኞችዎ፣ በር ላይ ያሉት ፈታሾችዎ ሁሉ ደህና ናቸው? የቢሮዎ ጣሪያስ እንዴት ሰነበተ? ክረምቱ እየገባ ስለሆነ ከእርስዎ ጤና ቀጥሎ የሚያሳስበኝ የጣሪያው ጤና ነው፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይደርሱበታል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እርስዎ በሰጡት ማስረጃ መሠረት የገፈርሳ ሰው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠብታ ዝናብ ሳያይ ኖሯል፤ ከዚያ ሁሉ ድርቅ ተርፈን ዛሬ ለክቡርነትዎ ሰላምታ ለማቅረብ መብቃታችን በራሱ ተአምር ነውና ደስ ይበልዎት።

እኔ ኢተፋ ዲሪርሳ እባላለሁ። ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ነው፤ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትምም። ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው ፈቀደ ነው። እኔ የምለውን ይጽፋል፤ ነገር ግን ለባለሥልጣን ሲጻፍ ደንብ አለው እያለ በየመሐሉ «በታላቅ ትሕትና» የምትል ቃል ይወሽቅብኛል። ስለዚህ ክቡርነትዎ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ትሕትና ያገኙበት ቦታ ሁሉ የፈቀደ፣ የቀረው በሙሉ የእኔ መሆኑን በታላቅ ትሕትና አሳውቃለሁ።

ነገሩ የጀመረው በ1978 ዓ.ም. ነው። ከዚያው ከእናንተ ዘንድ አንድ ኮፍያ ያጠለቀ ሰው በመኪና መጥቶ ግቢዬ መሐል ጣሳ የመሰለ ብረት ተከለ፤ መስመር መስመር ያለበት ቀጭን ብርጭቆም ሰጠኝ። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጣሳው ውስጥ ያደረውን ውሃ ወደ ብርጭቆው እንድገለብጥ፣ ውሃው የደረሰበትን መስመር ከታች ጀምሬ እንድቆጥር፣ ቁጥሩንም ለሚጽፍልኝ ሰው እንድናገር አስተማረኝ። የምትጽፍልኝ ባለቤቴ ደስታነሽ ነበረች። እሷ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥራለች፤ እኔ ያኔ ፊደል ከመቁጠር ከብት መቁጠር ይሻላል ብዬ ቀረሁ፤ ከብቶቹ አልቀዋል፣ ፊደሉ ግን አሁንም አለ ይሉኛል። እኔ መስመሩን እቆጥራለሁ፣ እሷ በላካችሁት ቅጽ ላይ ትሞላለች፣ ወሩ ሲያልቅ ቅጹ ወደ እናንተ ይሄዳል። ባለ ኮፍያው ሰውዬ መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ ወረቀት የሚጠፋ ነገር ነውና ቅጂው ምንጊዜም በእጃችሁ ይኑር፣ ለቅጂው የሚሆን ካርቦን በቅርብ ቀን እንልካለን አለ። ካርቦኑ መንገድ ላይ ነው ብለን ይኸው ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ጠበቅን። ደርሶ ከሆነና እኛ ካልነበርን ይቅርታ ያድርጉልን።

ካርቦን ቢቀር ግን ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። አባቴ የከብቶቹን ቁጥር በዱላው ላይ እየቀረጸ ነበር የሚይዘው፤ አንዲት ጊደር ጠፍታበት አታውቅም። እኔም በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አንድ ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ቆርጬ፣ ልጬ፣ በጋለ ብረት በአሥራ ሦስት ወር እከፍለዋለሁ። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ነጥብ አለ። የዘነበ ቀን ከነጥቡ ጎን ለአንድ መስመር ቀጭን ክርክር፣ ለአሥር መስመር ሰፊ ክርክር እቀርጻለሁ። ያልዘነበ ቀን ነጥቧ ብቻዋን ትቆማለች። ዓመቱ ሲያልቅ እንጨቱን የተቃጠለ ዘይት ቀብቼ በመንገዱ በኩል አጥሬ ላይ እተክለዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ለካሁ፤ ሠላሳ አንድ እንጨት ቆመ። በ2009 ጣሳዬን ነቅላችሁ ሰው የማያስፈልገው፣ በፀሐይ የሚሠራ ማሽን ተከላችሁ። ማሽኑ በሁለተኛው ዓመት መብራቱ ጠፋ። አሁን ጫፉ ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታ በየዓመቱ ትፈለፍላለች፤ በዚያ ማሽን ላይ ሥራውን ሳያቋርጥ የሚሠራ ፍጡር እሷ ብቻ ናትና ደመወዟ እንዲታሰብላት አደራ እላለሁ።

አሁን ወደ ጣቢታ ልምጣ። ከግቢዬ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ኢየሩስ የምትባል ከደቡብ የመጣች ሴት ተከራይታ ትኖራለች፤ ቀኑን ሙሉ ብሎኬት ስትሸከም ትውላለች። ጣቢታ ልጇ ናት። እናት በተሸከመችው ብሎኬት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አሁን ለሁለተኛ ዲግሪዋ ጥናት ትሠራለች። ጥናቷ ከገፈርሳ ወደ ቡራዩ በሚወርደው ወንዝ ላይ ነው፤ ዝናቡ በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዴት እንደተለወጠ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ቤት ለሠራው ሕዝብም ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ነው። ሥራዋን እስከ ሰኔ 30 ካላስረከበች ከትምህርቱ ትሰናበታለች። ይህን ቀን ክቡርነትዎ ልብ ይበሉልኝ፤ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ብቻ ነው። ለዚህ ጥናት የገፈርሳ ዝናብ መዝገብ ያስፈልጋታልና ወደ እናንተ መጣች። የሚያስቀው፣ ልጅቱ የገፈርሳን ዝናብ ፍለጋ አዲስ አበባ ስትመላለስ ዝናቡ ልብስ የምታሰጣበትን ገመድ ያሰረችበት አጥር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። እሷም አልጠየቀችኝ፣ እኔም ምን እንደምትፈልግ አላወቅሁም።

ከዚህ በታች ቅሬታዬን አቀርባለሁ። ፈቀደ ቅሬታ በቁጥር ካልሆነ አይነበብም ስላለኝ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፤ ጣቢታን አሥራ አንድ ጊዜ በማመላለስ አገሯን እንድታውቅ ስላደረጋችሁልን ከልብ እናመሰግናለን። ዩኒቨርሲቲው የጻፈላት የመጀመሪያ ደብዳቤ የጽሕፈት ቤቱን የድሮ ስም ይዞ ስለተገኘ ተመለሰ፤ ስማችሁን የቀየራችሁት ደብዳቤው ከተጻፈ በኋላ ነበር። ሁለተኛው ስሙ ተስተካክሎ ሲመጣ የወጪ ቁጥሩ ደብዝዟል ተባለ። ሦስተኛው ቁጥሩ ጎልቶ ሲመጣ ደግሞ ጥያቄ የሚቀርበው በኢንተርኔት ብቻ ነው ተባለ። ኢንተርኔቱ አልከፍት ሲላት በአካል መጥታ ብትጠይቅ፣ ኢንተርኔቱን የሚከፍተው ልጅ ለመስክ ሥራ ወጥቷል አሏት። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥር ሞላ። በአሥረኛው ፈቃዱ ተፈርሞ፣ መረጃውን በፍላሽ እንድትወስድ ተነገራት። በር ላይ ግን ፍላሽ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ውስጥ ያለው ፍላሽ አምጪ ይላል፤ በር ላይ ያለው ፍላሽ አስቀምጪ ይላል። ልጅቱ በሁለቱ መካከል ቆማ አለቀሰች።

በአሥራ አንደኛው እኔ ራሴ አብሬያት መጣሁ። ፍላሿን ሳልነግራት ከጠረጴዛዋ አንስቼ ከኪሴ ቆሎ ውስጥ ቀበርኳት። ፈታሹ ኪሴን ዳበሰ፣ ቆሎ መሆኑን አየ፣ አንድ እፍኝ ዘግኖ፣ ግቡ አባባ ብሎ አሳለፈኝ። ክቡርነትዎ፣ የዚህን አገር ዝናብ ከጽሕፈት ቤትዎ ያወጣሁት በተቆላ ገብስ ውስጥ ደብቄ ነው። ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልጅቱ አላወቀችም። ፈታሽዎም ጥሩ ሰው ነውና አይቅጡት፤ ጥርሱን ብቻ ይጠይቁልኝ፣ ገብሱ ትንሽ ጠንክሮ ነበር።

ሁለተኛ፤ ቤት ገብተን ጣቢታ ኮምፒውተሯን ከፍታ ዝናቤን ታነብልኝ ጀመር። መጀመሪያዎቹ ዓመታት ደህና ናቸው። ከ1985 መስከረም ጀምሮ ግን ዜሮ አለች። ቀጥሎስ ብላት ዜሮ። ሐምሌስ ብላት ዜሮ። እስከ 1993 ጳጉሜን ድረስ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ዘጠኝ ዓመት! ልጅት ታነቢ እንደሆነ አንብቢ፣ አትቀልጅብኝ ብዬ ተቆጣኋት። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ። ፊደል ባልቆጥርም ዜሮን አውቃታለሁ፤ ክብ ናት፣ ውስጧ ባዶ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከትልቅ ወንበር ላይ ትገኛለች።

ክቡርነትዎ፣ አዲስ አበባ ከገፈርሳ ግድብ ውሃ ትጠጣለች። በእናንተ መዝገብ መሠረት ዘጠኝ ዓመት ምን ጠጣች? እርስዎ ያኔ ተማሪ ይመስሉኛል፤ ጠዋት ፊትዎን በምን ታጥበው ነው ትምህርት ቤት የሄዱት? በ1988 ሐምሌ ጎርፍ በሬዬን ከነቀንበሩ ወስዶት ሦስት ቀን ፈልጌ ሬሳውን ታች ቡራዩ ድልድይ ሥር አገኘሁት። በዜሮ ዝናብ የሰጠመ በሬ በዓለም ላይ የእኔ ብቻ መሆን አለበት። ለዚህ ክብር ስላበቃችሁት በሬው ባለበት ያመሰግናል።

እዚህ ላይ እኔ ያልተማርኩት ለእናንተ ለተማራችሁት አንዲት ነገር ላስተምር፤ ፈቀደ በታላቅ ትሕትና በል ብሎኛል፣ እሺ፣ በታላቅ ትሕትና ላስተምር። ዜሮ ማለት ሄጄ አየሁ፣ ጣሳው ደረቅ ነው ማለት ነው። አላየሁም፣ አላውቅም ማለት ሌላ ነው። እኔ ደረቅ ቀን ነጥቤን እቀርጻለሁ። ታምሜ ሳልለካ የቀረሁ ቀን ግን ነጥብም አልቀርጽም፤ እንጨቱን ባዶውን ለብቻው እተወዋለሁ። አላውቅማ! አላውቅም ማለት ነውር አይደለም። የማያውቁትን ዘነበ ወይም አልዘነበም ማለት ግን ውሸት ነው፤ ውሸቱ ደግሞ በማኅተም ሲሆን ድሀ ይገድላል። ጣቢታ እንዳስረዳችኝ የወንዙ ድልድይና ቦይ ስፋቱ የሚወሰነው በዚህ መዝገብ ነው። በዜሮአችሁ የተለካ ቦይ እንኳን ጎርፍ የእኔን ሽንት አይችልም። (ፈቀደ ይህን ልሰርዘው ብሎ ለምኖኛል፤ እንዳትሰርዘው ብዬዋለሁ።)

ሦስተኛ፤ ምክንያቱን ልንጠይቅ ተመልሰን ስንመጣ ስምዖን የሚባል ጨዋ ሠራተኛ ተቀብሎን እውነቱን ነገረን፤ እውነት ስለተናገረ እባክዎ ከሥራ አያባርሩት። የዘጠኙ ዓመት ቅጾች ከጣሪያው ሥር ባለ መደርደሪያ ላይ ተከምረው ነበር። ጣሪያው አፈሰሰ። ቅጾቹ በውሃ ራሱ፣ ተጣበቁ፣ ሻገቱ፣ ተጣሉ። ኋላ መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ኮምፒውተሩ ባዶ ቦታ አልቀበልም ስላለ፣ አንድ ብልህ ሰው ዜሮ ሞላበትና አረፈ። እንግዲህ ዝናቡ መጥቶ የራሱን መዝገብ በላ፤ እናንተም አልመጣም ብላችሁ መሰከራችሁለት። እንዲህ ያለ ታማኝ ምስክር ሌባ ቢያገኝ አገር ያልቅ ነበር። አንድ ነገር ግን ያጽናናኛል፤ ጽሕፈት ቤታችሁ በዚያ ዘመን በርግጥ አንድ ዝናብ ለክቷል፣ በጣሪያው።

ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቀልዴን ልተው። የራሱት ቅጾች የደስታነሽ የእጅ ጽሑፍ ናቸው። ምጥ ይዟት እንኳ የዕለቱን ሳትጽፍ አልተኛችም። ያረፈችው ነሐሴ 11 ቀን 1993 ነው። በማግሥቱ ሊቀብሯት ሰው ግቢዬን ሞልቶት ሳለ ሦስት ሰዓት ሆነ፤ እኔም ለቀስተኛውን ጥዬ ወደ ጣሳዬ ሄድኩ። አበደ ብለው ተያዩ። አርባ ሁለት መስመር ነበር፤ አራት ሰፊ፣ ሁለት ቀጭን። ማን ይጻፍልኝ? ቀረጽኩትና መጣሁ፤ በቅጹ ላይ ልጃችን ጂቱ እያለቀሰች ሞላችው። ሌሊት የተቆፈረው መቃብር ውሃ ሞልቶት ወንዶቹ በባልዲ እየጨለፉ ነው ደስታነሽን ያሳረፍናት። የእናንተ ወረቀት ያን ቀን ዜሮ ይላል። በባልዲ የጨለፍነው ምን ነበር ክቡርነትዎ? እስቲ ከዚያ ወንበር ላይ ሆነው ይንገሩኝ።

አራተኛ፤ አራተኛውን ረስቼዋለሁ። ፈቀደ ከሦስት ወደ አምስት አይዘለልም ብሎ ስለተከራከረኝ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ። ዜሮ ግን አልሞላሁበትም። ልዩነቱ አሁን ሳይገባዎት አይቀርም።

አምስተኛ፤ ጣቢታ ስለ እንጨቶቼ የሰማችው ከስምዖን ዘንድ በተመለስንበት ቀን ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ አጥር ስናነብ ከረምን። ዓይኔ ደክሟል፤ አውራ ጣቴ ግን ያነባል። እኔ እየዳበስኩ እጠራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፤ መንገደኛው ሽማግሌው ከአጥሩ ጋር ማውራት ጀመረ እያለ ያልፋል። ልጅቱ ተንኮለኛ ናት፤ ዘጠኙን ብቻ አልወሰደችም። በእናንተ ዘንድ የተረፈውን ሃያ ሁለት ዓመትም ከእንጨቶቼ ጋር ቀን በቀን አስተያየችው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያልገጠመው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ሁለቱ የእናንተ ናቸው፤ ሠላሳውን ሦስት፣ አርባውን አራት ብላችሁ ጽፋችኋል፤ ከዜሮ ጋር ያላችሁ ጠብ የቆየ ነው፣ በሚያስፈልግበት ታጠፏታላችሁ፣ በማያስፈልግበት ትዘሯታላችሁ። ሦስተኛው የእኔ ነው። በ1982 ከሠርግ ተመልሼ ለደስታነሽ አሥራ አንድ ብዬ እንጨቱ ላይ አሥራ ሁለት ቀረጽኩ። ጠጁ ጥሩ ነበር። ጥፋቴን አምናለሁ፤ እናንተም የእናንተን ብታምኑ አብረን ንስሐ እንገባ ነበር።

አስተማሪዋ ሥራውን አይቶ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም አላት። ነገር ግን እንጨቱ የእናንተ ማኅተም ከሌለበት ዩኒቨርሲቲው አይቀበለውም፤ ደንብ ነው። በደንብ አልጣላም፤ ጣቢታ ከእንጨቶቹ የገለበጠችውን ይዘን መጣን። ያን ዕለት ያገኘነው ባለሙያ ስምዖን አልነበረም፤ ሌላ፣ ክራቫት ያሰረ ነው። አጥር መረጃ አይሆንም አለ። መዝጋቢው ማንበብና መጻፍ የማይችል ስለሆነ አይታመንም አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስትወስዱት የታመነ ቁጥር፣ ስንጠይቃችሁ መሃይም ሆነ። ቀጥሎም ለጠፋው ዘመን ሳተላይት ያየውን ግምት እንስጥሽ አላት። ሳተላይቱን አልንቅም፤ የተከበረ ዕቃ ነው፣ ሩቅም ይኖራል። ግን እሱ የደመናውን ጀርባ ነው የሚያየው፤ እኔ ከሥሩ ቆሜ ፊቱን አይቻለሁ፣ እራሴን መትቶኛል። ሳተላይቱ አንድም ቀን ጉንፋን ይዞት ያውቃል?

ስድስተኛ፤ ባለፈው ሳምንት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ላካችሁልን። ማኅተም ሳይ ደስ ብሎኝ ሳምኩት። ጣቢታ ስታነበው ግን እንዲህ ይላል፤ «ቅጂ ነው የተባለው ሰነድ ዋናው በአካል ለጽሕፈት ቤቱ ቀርቦ ሲታይ የሚወሰን ይሆናል።» ክቡርነትዎ፣ ሰነዱ አጥር ነው። ነቅላችሁ አምጡ ማለታችሁ ነው። ከልጅቱ ቀን ላይ አንድ ሳምንት ለመብላት የተጻፈ እንደሆነ ጣቢታ ገብቷታል፤ ወረቀቱን አጥፋ አስቀመጠችው። እኔን ግን ዝም አላሰኘኝም። አምጡ ካላችሁ እናመጣለን።

ጋሪ ከተማ አያስገቡም፤ ስለዚህ ለእድራችን አመለከትኩ። የእድራችን ዳኛ ኦቦ ነገሳ ደንብ የሚያጠብቅ ሰው ነው፤ እድር የሚወጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው፣ ዓመት አባል አይደለም፣ ኢተፋ ካልሞተ አንወጣም አለ። ለመሞት ጊዜ የለኝም፣ ሰኔ 30 ቅርብ ነው አልኩት። ጉባኤው ሳቀ። ያን ጊዜ ሮማነወርቅ ተነሣች፤ ጉሊት የምትሸጥ፣ ደስታነሽን ገንዛ የቀበረች ሴት ናት። እንዲህ አለች፤ ደስታነሽ የዚህ እድር መሥራች አባል ናት፤ ሥጋዋን በደንብ ቀብረናል፤ የእጇ ሥራ ግን ሰው ጣሪያ ሥር በስብሶ ሲሞት ማንም አልተረዳም፣ ጥሩምባም አልተነፋለትም፤ አባል ሞታ ግማሿ ብቻ የተቀበረችበት እድር ምን እድር ነው? አለች። ኦቦ ነገሳ ባርኔጣውን አወለቀ። በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ሰኞ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. የገፈርሳ እድር ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ይመጣል። ዘጠኙን እንጨት፣ አንዱን ለሁለት፣ አሥራ ስምንት ሰው በትከሻው ይሸከማል። ፊት ፊት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ይሄዳል። ከበሩ ማዶ የእድሩን ድንኳን ተክለን፣ አግዳሚ ወንበራችንን ዘርግተን፣ በእጃችሁ ለሞተው ዘጠኝ ክረምት ለቅሶ እንቀመጣለን። ሦስት ቀን እንደ ወጉ፤ ማኅተሙ ካልመጣ ሰባት ቀን፤ ካልመጣ አርባውን እዚያው እናወጣለን። ፈታሾችዎ ለቀስተኛ እንደማይፈተሽ ያውቃሉ ብዬ አምናለሁ። ሠራተኞችዎም ሲገቡና ሲወጡ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ማለት ይጠበቅባቸዋል፤ ሳይሉ ያለፉትን ሮማነወርቅ ትመዘግባቸዋለች፤ የእሷ መዝገብ አይርስም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከቢሮዎ ወርደው፣ በእጅዎ ዳብሰው፣ በዘጠኙ እንጨት ላይ ማኅተምዎን እንዲያሳርፉ፤ በመዝገብዎ ላይ ያለችውን ዜሮ ሁሉ አንሥተው እንጨቱ የሚለውን እንዲያስገቡ፤ ይህን የሚል ወረቀት ለጣቢታ ፈርመው ከሰኔ 30 በፊት እንዲሰጡ ነው። ለእኔ ምስጋና አያስፈልግም። ሠላሳ አንድ ዓመት ለካሁ፤ አንድ ሰው ልጅቱን ብቻ እውነቷን ነው ይበላት። እናቷ ብሎኬት ተሸክማ ያደረሰቻት ቦታ ላይ እናንተ በዜሮ አታውርዷት።

ለሰጣችሁን ትምህርት፣ ለአሥራ አንዱ ምልልስ፣ ለመጪው ካርቦን በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ ገለቶማ እያልኩ፣ ወንበርዎን እንደ ባሕር ዛፍ ያጽናልዎ፣ ጣሪያዎን እንደ ባልጩት ያጥብቅልዎ፣ ዕድሜዎን ከዜሮ ያርቅልዎ ዘንድ እየመረቅሁ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር በታላቅ ትሕትና (የፈቀደ) እና በታላቅ ንዴት (የእኔ) እሰናበታለሁ።

ኢተፋ ዲሪርሳ
የገፈርሳ ዝናብ ለካሽ፣ ከ1978 እስከ 2009 ዓ.ም.
(ፊርማ ስለማላውቅ አጥር የሚያነበው አውራ ጣቴ ከዚህ ላይ አርፏል።)

ግልባጭ፦
ለጣቢታ አስተማሪ፣ እንዲያውቁት፤
ለገፈርሳ እድር ጥሩምባ ነፊ፣ ትንፋሹን እንዲያጠራቅም፤
ቆሎዬን ለዘገነው ፈታሽ፣ ሰኞ ሌላ እንደማመጣለት እንዲያውቅ፤
ማሽኑ ላይ ለምትኖረው ወፍ፣ ለተተኪ ኃላፊነት እንድትዘጋጅ፤
ለቡራዩ ታክሲ ተራ ግድግዳ፣ ሕዝብ እንዲያነበው።

ማስታወሻ፦ ጣቢታ ያለፉትን ዓመታት አስልታ፣ ሰኔ 9 አካባቢ በገፈርሳም በአዲስ አበባም ብዙውን ጊዜ ከባድ ዝናብ እንደሚጥል ነግራኛለች፤ በእናንተ መዝገብ እንኳ፣ ከዘጠኙ ዓመት በቀር። አይስጉልን። የእድራችን ድንኳን ከደስታነሽ ቀብር ጀምሮ የምናውቀው ነው፤ አያፈስም። የተረፈ መዝገብ ካላችሁ ይዛችሁ ውረዱና ከሥሩ ተጠለሉ።